በእራቱ ገበታ ስማቸው ያልተነሣው

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ መጻሕፍት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ግን ከመጻሕፍቱ በፊት አንድ እራት አለ፤ ከእሱ ልጀምር።

ጊዜው 1790 ነው፤ የጁን ወር። ዓመቱንም ወሩንም የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቦታው ኒውዮርክ፣ ሜይደን ሌን የሚባል መንገድ ላይ ያለ የኪራይ ቤት። ተከራዩ ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ከፈረንሳይ ከተመለሰ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ሌላው የቨርጂኒያው የምክር ቤት አባል ጄምስ ማዲሰን።

አገሪቱ ገና ጨቅላ ናት። አዲሱ መንግሥት ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት ቢያልፈው ነው። የአብዮቱ ጦርነት ዕዳ ግን አንገቷን አንቋታል። ማዕከላዊው መንግሥት ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር፣ ክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር አለባቸው። ሃሚልተን የክፍለ ግዛቶቹንም ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት ይሸከመው ይላል። ማዲሰን እምቢ አለ። ቨርጂኒያ አብዛኛውን ዕዳዋን ከፍላለች፤ የሰነፉን ዕዳ ለምን ትክፈል? ደቡቦቹ ደግሞ ዋና ከተማዋ ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንድትቆረቆርላቸው ይፈልጋሉ። ሁለቱም ነገር ምክር ቤት ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል።

ጄፈርሰን በኋላ እንደጻፈው፣ ሃሚልተንን ያገኘው በፕሬዚዳንት ዋሺንግተን ደጃፍ ነው። ፊቱ ጠቁሯል፤ ተጎሳቁሏል። ያ ሁልጊዜ ሽክ የሚለው ሰው አለባበሱ እንኳ ዝርክርክ ብሏል። እንግዲያው ነገ እኔ ቤት እራት ብሉ፣ ተነጋገሩ አላቸው።

ተነጋገሩ። ማዲሰን ተቃውሞውን ሊያለዝብ፣ ሃሚልተን ደግሞ ለፖቶማኩ ከተማ ድምፅ ሊያፈላልግ ተስማሙ። በጁላይ የዋና ከተማው ሕግ ወጣ፤ በኦገስት የዕዳው። እርግጥ ከዚያ እራት ውጪም በየጓዳው ብዙ ድርድር ነበር። ቢሆንም ይህ ገበታ በአሜሪካ ታሪክ ታላቁ የእራት ድርድር ሆኖ ቀረ። ስለ እሱ የምናውቀው ሁሉ የመጣው ከአንድ ሰው፣ ከራሱ ከጋባዡ ብዕር ነው። ጋባዡም ከሁለት ዓመት በኋላ ሃሚልተን አታለለኝ ብሎ ለዋሺንግተን አቤት አለ።

ይህን እራት ከቤተ መዛግብት አውጥቶ ለተራው አንባቢ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ጆሴፍ ኤሊስ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማውንት ሆልዮክ በሚባል ኮሌጅ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በ2000 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «መሥራች ወንድማማቾች» እንደማለት ነው። በዓመቱ በታሪክ ዘርፍ የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ አይደለም። ሰው አውቶቡስ ውስጥ ይዞት የሚያነበው ዓይነት ነው።

መጽሐፉ ከአንድ እስከ መጨረሻ ታሪኩን አይተርክም። ስድስት ትዕይንት ይመርጣል። አንዱ ሃሚልተንና ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው አሮን በር በሽጉጥ የተፋለሙበት የ1804ቱ ጠዋት ነው። አንዱ አሁን የነገርኳችሁ እራት ነው። የዋሺንግተን ስንብት አለ፤ የጆን አዳምስና የሚስቱ የአቢጌይል አጋርነት አለ። አንዱ ምዕራፍ ደግሞ ርእሱ «ዝምታው» ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ኤሊስ ካስተማረኝ ነገር ትልቁ ይህ ነው፦ እነዚያ ሰዎች የታሪኩን መጨረሻ አያውቁም ነበር። እኛ ሐውልታቸውን እናያለን፤ ዶላር ላይ ያለውን ፊታቸውን እናያለን። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ድሮውኑ የተጻፈ ይመስለናል። በ1790 ግን አገሪቱ አሥር ዓመት ትኑር አትኑር የሚያውቅ አልነበረም። የሚሰዳደቡት፣ የሚጠራጠሩት፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡት ለዚያ ነው። ይህን ሳስብ ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሚፈራ ሰው የሠራውን ሥራ ማየት ሐውልት ከማየት ይበልጥብኛል።

ያንን የእራት ምዕራፍ መጀመሪያ ሳነብ በአንድ ምሽት ጨረስኩት። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝና አለቀቀኝም። ምግቡን ማን ሠራው?

ጄፈርሰን ስለ ምግቡ አንድም ቃል አልጻፈም። የቤቱ ምግብ አብሳይ ግን ይታወቃል። ጄምስ ሄሚንግስ ይባላል። የጄፈርሰን ባሪያ ነው። በ1784 ጄፈርሰን ለዲፕሎማትነት ፓሪስ ሲሄድ ይዞት ሄደ፤ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። እዚያ የፈረንሳይን የምግብ ሙያ ከባለሙያዎቹ ተማረ፤ ቋንቋውንም። በፈረንሳይ ሕግ ፍርድ ቤት ሄዶ ነፃነቱን መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም፤ ተመለሰ። እናቱም አብዛኞቹ ወንድም እህቶቹም ቨርጂኒያ ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። ጄምስ ሄሚንግስ የጄፈርሰን ሟች ሚስት የማርታ የአባት ልጅ ነው። አባታቸው ጆን ዌይልስ ከባሪያው የወለደው። ስለዚህ በዚያ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው ለባለቤቱ የሚስቱ ወንድም ነበር። ሳሎን ውስጥ ስለ አገር ነፃነትና ስለ ዕዳ ይወራል፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ይህ ነው።

ጄፈርሰን በ1793 አንድ ስምምነት ጻፈለት። ሌላ ሰው ሙያውን ካስተማርክልኝ ነፃ አወጣሃለሁ አለው። ጄምስ ወንድሙን ፒተርን አስተማረ፤ በ1796 ነፃ ወጣ። ከመሄዱ በፊት ሞንቲቼሎ በሚባለው የጄፈርሰን የቨርጂኒያ ርስት ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ቆጥሮ በራሱ እጅ መዘገበው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ። መጥበሻው፣ ድስቱ፣ ጎድጓዳው ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተዘርዝሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1801 ባልቲሞር ውስጥ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ገና 36 ዓመቱ ነበር።

አንድ ድርድር የአገር ዋና ከተማ የት እንደሚሆን ሲወስን፣ ስለ እሱ የተጻፈውን እናነባለን። የድስት ዝርዝሩን የጻፈውን ሰው ለማግኘት ግን ሁለት መቶ ዓመት ፈጀብን። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት እንግዲህ ይህን ነው። ስለ መሥራቾች የተጻፈን መጽሐፍ የምመዝነው ስለ ንግግራቸው በነገረኝ አይደለም። በዝምታቸው ምን እንዳደረገ ነው።

ወደ «ዝምታው» ምዕራፍ እንሂድ። ከእራቱ አራት ወር በፊት፣ እዚያው ኒውዮርክ። ፌብሩዋሪ 1790 ላይ ኩዌከር የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች ለምክር ቤቱ ማመልከቻ አቀረቡ። የባሪያ ንግድ ይቁም አሉ። በነጋታው የፔንሲልቫኒያው የፀረ ባርነት ማኅበር ማመልከቻ ተከተለ። ይህኛው ንግዱን ብቻ ሳይሆን ባርነቱን ራሱን የሚነካ ነበር። ከሥሩ የፈረመው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። 84 ዓመቱ ነው፤ አልጋ ላይ ነው። እሱ የፈረመበትን ወረቀት ደግሞ ዝም ብሎ መጣል አይቻልም።

ያን ዓመት የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ከ3.9 ሚሊዮን ሰው ውስጥ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋው ባሪያ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ግን «ባሪያ» የሚል ቃል የለም። «ሌሎች ሰዎች» ይላል። ከውጭ ማስገባቱን እስከ 1808 ድረስ መከልከል አይቻልም የሚለውም አንቀጽ የተጻፈው ቃሉን ሳይጠራ ነው። አንድ አገር የሚያፍርበትን ነገር እንዴት እንደሚጽፍ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ናሙና አላውቅም።

ምክር ቤቱ ተናወጠ። የጆርጂያና የደቡብ ካሮላይና ሰዎች ተነሡ። መጽሐፍ ቅዱስ ይፈቅዳል አሉ። ነፃ ከወጡስ የት ይኖራሉ አሉ። አገሪቱ ትፈርሳለች አሉ። በመጨረሻ በማርች ወር 29 ለ 25 በሆነ ድምፅ ጉዳዩ ተዘጋ። ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ባሪያን ነፃ ለማውጣት ምክር ቤቱ ሥልጣን የለውም ተባለ። ነገሩን ከኋላ ሆኖ የመራው ማዲሰን ነው፤ ያው የእራቱ እንግዳ።

ፍራንክሊን ግን አንድ የመጨረሻ ጽሑፍ ነበረችው። ሊሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ጋዜጣ ላይ አወጣት። አንድ የአልጄርስ ባለሥልጣን ክርስቲያኖችን ባሪያ ማድረግ ለምን ተገቢ እንደሆነ ሲከራከር የሚያሳይ ፈጠራ ናት። ክርክሩ ቃል በቃል ለማለት ይቻላል የጆርጂያው ተወካይ ያቀረበው ነው። ስሙን ብቻ ነው የቀየረው። በኤፕሪል 17 ሞተ።

ዋሺንግተንስ? ዝም አለ። በዚያው ማርች ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የኩዌከሮቹ ማመልከቻ በመጨረሻ ተኝቷል፣ ከ1808 በፊትም መንቃቱ ያጠራጥራል አለ። ተኝቷል! ይህን ቃል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ጨካኝ ሰው የጻፈው ቃል አይደለም። የደከመው፣ አገር እንዳይበታተን የፈራ ሰው ቃል ነው። ለዚህም ነው የከበደኝ።

ኤሊስ እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይቸኩልም። ዝምታው ለአንድነት የተከፈለ ዋጋ ነበር፣ ጊዜ ገዙበት፣ የሚል ሚዛን ያስቀምጣል። ሐቅ አለው። እኔን የማያረካኝ፣ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ነው። ገበታው ላይ የተቀመጡት አልከፈሉትም።

ሁለተኛው መጽሐፉ የበለጠ ያስተማረኝ በመሳሳቱ ነው። ስለ ጄፈርሰን የጻፈው «አሜሪካዊው ስፊንክስ» ነው። ስፊንክስ ያው የግብፁ፣ ራሱ ሰው አካሉ አንበሳ የሆነው እንቆቅልሽ ነው። በ1997 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የቆየ ሐሜት አነሣ። ጄፈርሰን ሳሊ ከምትባል ባሪያው ልጆች ወልዷል የሚል ሐሜት። ሳሊ የጄምስ እህት ናት። ኤሊስ ማስረጃውን አየና የመሆን ዕድሉ ሩቅ ነው ብሎ ጻፈ።

በዚያው 1997 አኔት ጎርደን ሪድ የምትባል ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ አወጣች። የሕግ መምህርት ናት። ነገሩን እንደ ችሎት መረመረችው። ሳሊ የወለደችው ማዲሰን ሄሚንግስ በ1873 ኦሃዮ ውስጥ ለታተመ ጋዜጣ አባቴ ጄፈርሰን ነው ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። የጄፈርሰን የልጅ ልጆች ደግሞ አይ፣ አባትየው ከጄፈርሰን የእህት ልጆች አንዱ ነው ብለው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ትውልድ ከትውልድ የነጮቹን ቃል ተቀብለው የባሪያውን ልጅ ቃል ወደ ጎን አደረጉት። ለምን? ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ግን እስከዚያ ድረስ እንደ እሷ አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም።

በ1998 ኖቬምበር የዘር ምርመራው ውጤት ወጣ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የዘር ምልክት ነው የመረመሩት። ጄፈርሰን ከሚስቱ የወለደው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ከአጎቱ የወንድ ዘር ናሙና ተወሰደ። የሳሊ የመጨረሻ ልጅ ከሆነው ከኤስተን የወንድ ዘር ጋር አመሳከሩት፤ ገጠመ። የእህት ልጆቹ ዘር ግን አልገጠመም። በ2000 ሞንቲቼሎን የሚያስተዳድረው ተቋም ራሱ፣ ጄፈርሰን የኤስተን አባት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፣ የስድስቱም ልጆች አባት እሱ ሳይሆን አይቀርም አለ።

ኤሊስ ምን አደረገ? ውጤቱ በታተመበት በዚያው መጽሔት፣ በዚያው እትም ላይ ከአንድ ሳይንቲስት ጋር ሆኖ አስተያየት ጻፈ። ሐሳቡን ቀየረ፤ በግልጽ ቀየረ። ሽልማት ያገኘለት መጽሐፍ ውስጥ የጻፈውን ነው ያረመው። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ፣ እድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ስትል የኖረች ሴት ወይም ወንድ ያውቀዋል።

ሌላውንም ልንገራችሁ፤ ስለ ዝምታ እያወራሁ ይህን ብደብቅ አያምርብኝም። ፑሊትዘሩን ባገኘበት በ2001 ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ አንድ ነገር አጋለጠ። ኤሊስ ቬትናም ዘምቻለሁ እያለ ለተማሪዎቹ ያወራ ነበር፤ አልዘመተም። ይቅርታ ጠየቀ። ኮሌጁ ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ አገደው። በኋላ ተመልሶ አስተማረ፤ ጻፈም። መጽሐፎቹን ስከፍት ይህን እያወቅኩ ነው የማነበው። አላስጣለኝም። የሌሎችን ምስክርነት ለመመዘን ሙያ ያለው ሰው ራሱ ላይ ሚዛኑ ሊስትበት እንደሚችል ግን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደምወደው ምዕራፍ ልሂድ። የመጨረሻው ነው፤ ወዳጅነቱ።

ጆን አዳምስና ጄፈርሰን በ1776 አብረው ነበሩ። የነፃነት መግለጫውን ጄፈርሰን ጻፈው፤ አዳምስ ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ ተከራከረለት። በ1800ው የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ተፎካክረው ተቆራረጡ። አዳምስ ተሸነፈና ጄፈርሰን ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት ቀን ሳይነጋ ከዋሺንግተን ከተማ ወጥቶ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ተኳረፉ።

የሁለቱም ወዳጅ የሆነ ቤንጃሚን ረሽ የሚባል ሐኪም ነበር። በ1809 ለአዳምስ አንድ ሕልም ጻፈለት። በሕልሜ እናንተ ሁለታችሁ ታርቃችሁ፣ ደብዳቤ ስትጻጻፉ፣ በመጨረሻም ተቀራራቢ ጊዜ ላይ ወደ መቃብር ስትወርዱ አየሁ አለው። ሕልም ይሁን ዘዴ እሱ ያውቃል።

በ1812 የመጀመሪያው ቀን አዳምስ ጻፈ። አጭር ደብዳቤ ናት። በእጅ የተፈተለ ሁለት ቁራጭ ልኬልሃለሁ አለው። ጄፈርሰን ጨርቅ መስሎት ስለ ቨርጂኒያ የቤት ውስጥ ሽመና ረዥም ነገር ጻፈ። የተላከው ግን መጽሐፍ ነበር፤ የአዳምስ ልጅ ስለ ንግግር ጥበብ ያስተማረው ትምህርት፣ ሁለት ቅጽ። እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞታቸው 158 ደብዳቤ ተጻጻፉ። ሁለት ሦስተኛውን የጻፈው አዳምስ ነው። በ1813 እርስ በርሳችን ሳንገላለጥ መሞት የለብንም አለው። ሽማግሌ ሆነው፣ ጥርሳቸው ረግፎ፣ ስለ አምላክ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ግሪክ መጻሕፍት ተጻጻፉ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተገላለጡም። በ1820 ሚዙሪ ባሪያ የሚፈቀድባት ክፍለ ግዛት ሆና ትግባ አትግባ ሲባል አገሪቱ ተሰነጠቀች። ጄፈርሰን ለሌላ ሰው በጻፈው ደብዳቤ ተኩላውን በጆሮው ይዘነዋል፣ ልንይዘውም ልንለቀውም አንችልም አለ። አዳምስ ደግሞ ለጄፈርሰን ሲጽፍ ባርነት ለግማሽ ምዕተ ዓመት እንደ ጥቁር ደመና አንዣብቦብን አይቻለሁ አለ። ጉዳዩን ግን ለእናንተ ለደቡቦቹ ትቼዋለሁ አለና አለፈ። ጄፈርሰንም አልገፋበትም። በ158 ደብዳቤ ያልሞላ ክፍተት ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1826። የነፃነት መግለጫው 50ኛ ዓመት። ጄፈርሰን ሞንቲቼሎ ላይ ከቀትር በኋላ ሞተ፤ 83 ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አዳምስ ማሳቹሴትስ ውስጥ በ90 ዓመቱ ሞተ። ጄፈርሰን በሕይወት አለ፣ አልሞተም እያለ ነው የሞተው ይባላል። የረሽ ሕልም ደረሰ። የኤሊስም መጽሐፍ እዚህ ላይ ይዘጋል። መጀመሪያ ሳነበው አልቅሻለሁ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ስጨርስ ስድስት ወር እጨምርበታለሁ።

ጄፈርሰን ሲሞት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። በኑዛዜው አምስት ሰው ነፃ አወጣ። ከአምስቱ ሁለቱ የሳሊ ልጆች ማዲሰንና ኤስተን ናቸው፤ አንዱ ጆ ፎሴት የሚባል ቀጥቃጭ ነው። የጆ ሚስት ኢዲት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሳለ በፕሬዚዳንቱ ቤት ወጥ ቤት ሙያ የተማረች፣ ከዚያም የሞንቲቼሎ ዋና ምግብ አብሳይ የነበረች ሴት ናት። ልጆቿም የሉበትም።

በጃንዋሪ 1827፣ በብርድ፣ ሞንቲቼሎ ግቢ ውስጥ ጨረታ ወጣ። 130 ሰው ለሽያጭ እንደሚቀርብ በጋዜጣ ታውጆ ነበር። ከመካከላቸው የኢዲትና የጆ ልጅ ፒተር አለ፤ 11 ዓመቱ ነው። በኋላ ሲናገር፣ ያደግሁት እንደ ነፃ ልጅ ነበር፣ ባሪያ መሆኔን አላውቅም ነበር፣ ጄፈርሰን ሲሞት ድንገት ጨረታ ላይ ቆሜ ለማላውቃቸው ሰዎች ተሸጥኩ አለ።

የገዛው ሰው መማር ከለከለው። ተደብቆ ተማረ፤ ሌሎችንም አስተማረ። ጠፍቶ ተያዘ። በ1850 ገደማ ነፃ ወጥቶ ሲንሲናቲ ላሉት ቤተሰቦቹ ተቀላቀለ። እዚያ ሰባኪ ሆነ። ታሪኩ ኒውዮርክ ውስጥ ጋዜጣ ላይ የታተመው በ1898 ነው፤ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ምእመናኑ ለጉዞው ገንዘብ አዋጡለት። ተሳፍሮ ሞንቲቼሎን ሊያይ ሄደ።